አስተያየት ለተቸገረ መምህር

በስብሰባ መሐል አታዛጉ። ዋናው ምክሬ ይኼ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ባታነቡትም አልቀየማችሁም። ማዛጋት ግድ ከሆነባችሁም እጃችሁን ከአፋችሁ በላይ አታንሱ። እኔ ከምሳ በኋላ በተጠራ የመምህራን ስብሰባ ላይ አፌን ልሸፍን፣ በዚያውም ወገቤን ላፍታታ ብዬ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ፣ ዳይሬክተራችን «እሰይ፣ የሒሳብ መምህራችን ፈቃደኛ ሆነዋል» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። የሚያጨበጭበው ሁሉ ከሥራው ያመለጠ ሰው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ምን ላይ ፈቃደኛ እንደሆንኩ እንኳ የጠየቅሁት ከወጣን በኋላ ነበር። የማጠናከሪያ ትምህርት አስተባባሪ ሆኜ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ በሐይቅ ከተማ በኩል ሲመጣም ሲመለስም ትምህርት ቤታችን ውስጥ አድሯል። ሲመጣ ወንበሮቹን ማገዶ አደረገ፣ ሲመለስ በሮቹን ይዞ ሄደ። ልጆቹ ከፊሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር እግራቸው እንዳደረሳቸው ተሰደው፣ ከፊሎቹ ቤት ተዘግቶባቸው ከረሙ። ሰላም ሆኖ ሲመለሱ ክፍል ጨምረው ነበር፤ ትምህርት ግን አልጨመሩም። በዚህ ላይ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደረሰ፤ መጽሐፉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው አሉን። አሮጌውን እንዳናስተምር ተሽሯል፤ አዲሱን እንዳናስተምር አልመጣም። እንግዲህ በዚህ መሐል ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ከሰዓት በኋላ ሰብስቦ ማስተማር የእኔ ዕጣ ሆነ።

እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ነገርን በስሙ መጥራት እወዳለሁ። አንዱን ክፍል መርጬ ግድግዳው ላይ በትልቁ «የደካማ ተማሪዎች ክፍል» ብዬ በቀለም ጻፍኩ። በር ቢኖረው በሩ ላይ እጽፈው ነበር። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይም «ስማችሁን የምጠራችሁ ደካሞች ከሰዓት እንድትመጡ» እያልኩ ስም ጠራሁ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል።

በመጀመሪያው ቀን የመጡት ከየክፍሉ አንደኛ የሚወጡት ናቸው። «እናንተ ደግሞ ምን ትሠራላችሁ?» ብላቸው «ተጨማሪ ትምህርት አለ ሲባል ሰምተን ነው» አሉኝ። ደካሞቹ አንድም አልመጡም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የሐያት መቅረት ነው። ሐያት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከጦርነቱ በፊት ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን የምትነጥቀኝ ልጅ ነበረች፤ ከስደት ስትመለስ ሰሌዳውን እንደ ባዕድ አገር ዝም ብላ የምታይ ሆነች። እናቷ እትዬ ዘሃራ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አባቷ ደግሞ ልጅቷ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከወደቀች ትምህርቷ በዚያው እንደሚያበቃ ቁርጡን ተናግሯል። ይኼን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ያውም በኩራት። እኔ ያቺ ልጅ ከሰዓት መጥታ ፊቴ እንድትቀመጥ ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ እፈልግ ነበር። ጭማሪው እንደማይመጣ ስለማውቅ ሊሆንም ይችላል፤ ግን እውነቴን ነው።

በዚህ ላይ ከወረዳ አንድ ባለሙያ በባጃጅ መጣ። ባዶውን ክፍል አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ በመጨረሻም እኔን አየ። «ፕሮግራሙ በዚህ ከቀጠለ ይታጠፋል» አለ። «የመምህራንና የወላጆችን ግብረ መልስ ሰብስባችሁ አሻሽሉት። ተመልሼ አየዋለሁ።» ይታጠፋል ሲል ስለ ጋቢ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ከመምህራኑ ጀመርኩ። በስብሰባ የተጠመድኩት እኔ ራሴ ስብሰባ ጠራሁ። «ማጠናከሪያው ለምን እንዳልተሳካ በግልጽ ተናገሩ» አልኩ። የመጀመሪያው መምህር ተነሳና «እኔ ልል ያሰብኩትን ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውታል» ብሎ ተቀመጠ። ከእሱ በፊት የተናገረ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው «የቀደመውን ተናጋሪ ሐሳብ እጋራለሁ» አለ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት «እኔ አስተያየት ሳይሆን ድጋፍ ነው ያለኝ» አለች። የስፖርት መምህሩ «ሰዓት ቢከበር» አለ፤ ስለ ትምህርቱ ይሁን ስለ ስብሰባው አልገባኝም። ማንም አላዛጋም። በእኔ አይተው ተምረዋል።

ወላጆች ቀሩ። የእኛ አገር ሰው በግድግዳ ማስታወቂያ አይመጣም፤ በአንደበት መጠራት አለበት። ስለዚህ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ ከጁምዓ በኋላ እንዲያስነግሩልኝ ለመንኩ። ለክርስቲያኖቹም ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ እሺ አሉኝ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ወላጆች እሁድ ከሰዓት ትምህርት ቤት መጥተው ግብረ መልስ ይስጡ።

እሁድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ የነበርነው እኔና የጥበቃው ውሻ ነን። ከብዙ ቆይታ በኋላ አያ ይመር ብቅ አሉ። አያ ይመር በአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚያርሱ፣ በአገሩ የተከበሩ፣ ታናሽ ልጃቸው እኔ ዘንድ ስምንተኛ ክፍል የሚማር ሰው ናቸው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ደረሰኝ አወጡ።

«ይኸው፤ ከፍያለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ግብሩን ነዋ። የዘንድሮውን አጠናቅቄያለሁ። ደግሞ አስተማሪ ግብር መሰብሰብ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ዲያ?»

«አያ ይመር፣ ግብር አይደለም። ግብረ መልስ ነው።»

«መልስም የለኝ። ድፍኑን ነው የከፈልኩት፤ ወላሂ።»

ሌላው ሰው የት እንደሄደ ጠየቅኋቸው። ግብር የተባለ ጊዜ ግማሹ ወደ ሐይቁ መውረዱን፣ ግማሹ አምባሰል ዘመድ ጥየቃ መውጣቱን ነገሩኝ። ዘመድ እንዲህ የሚናፈቀው በግብር ሰሞን ነው።

ጥፋቱ የቃሉ ነው ብዬ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ተመለስኩ። «ግብረ መልሱ ይቅር፤ አስተያየት ብለው ያስነግሩልኝ። ሥራው ከብዶኛል፣ ሰው ያግዘኝ» አልኳቸው። ሼህ እንድሪስ ሰው ሲያነጋግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት። ያሸለቡ ነው የሚመስሉት። ለካስ ያን ዕለት አሸልበውም ኖሯል። ከጁምዓ በኋላ ያሉትን የሰማሁት በኋላ ነው፦ «ጀመዓ፣ ያ የሒሳቡ መምህር ከብዶታል። እሁድ ትምህርት ቤት ድረስ ሂዱና አስተያየት አድርጉለት።»

ልዩነቱ የአንድ ግሥ ነው። አስተያየት ስጡኝ ያለ ሰው ሐሳብ ፈልጎ ነው። አስተያየት አድርጉልኝ ያለ ግን ወይ ገበያ ላይ ዋጋ የከበደው ነው፣ ወይ ቤቱ ጦሙን ያደረ ነው። ቄሱም ወሬውን ከሼህ እንድሪስ ሰምተው ያንኑ ለምእመናኑ አስተላለፉ። በእኛ አገር ለተቸገረ ሰው ሲሆን መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አንድ አፍ ናቸው።

እሁድ ግቢው ጢም አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሴቶቹ ለምን ቋጠሮ እንደያዙ፣ ወንዶቹ ለምን በሐዘን እንደሚያዩኝ ልብ አላልኩም። አንዷ በፌስታል ሽሮ አቀበለችኝ። አንዱ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በገመድ ሰክቶ እጄ ላይ አንጠለጠለ። አያ ይመር እግሯ የታሰረ ዶሮ ብብቴ ውስጥ ወሸቁና «አብሽር፤ ያልፋል» አሉኝ። አብሽር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለው የወሎ ቃል ነው፤ አይዞህም፣ በርታም፣ አላህ ያውቃልም ማለት ነው።

«ኧረ እኔ የምፈልገው በቃል ነው» አልኩ።

«በቃሉማ መቼ ይቀርብሃል» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ ዱዓ ጀመሩ። እጅ ሁሉ ተዘረጋ። ችግሬ በዝርዝር ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁ፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም ነበር። «ሚስትም ይስጠው» የሚል ድምፅ ከኋላ ታከለበት። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ «እኔስ ሸሚዙን አይቼ ድሮም ጠርጥሬያለሁ» ስትል ደረሰኝ። ሸሚዜ ደህና ሸሚዝ ነው። ይኼ እዚህ ላይ ይመዝገብልኝ።

ግን ልዋሽ አልችልም፣ ሆዴ ባባ። እነዚህ ሰዎች ከስደት ሲመለሱ ቤታቸውን ባዶ ያገኙ ናቸው። ለራሳቸው ያልተረፋቸውን ተሸክመው ለእኔ ሲመጡ አፈርኩም፣ ወደድኳቸውም፣ እንባዬም መጣ። እንባዬን ሲያዩ ችግሩ የባሰ መሰላቸውና ጥቂቶቹ ተጨማሪ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ ማታ በሬ ሊጎተትልኝ ነው ብዬ ዶሮዋን እንደታቀፍኩ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። «ወገኖቼ፣ እድሜ ይስጣችሁ። የቸገረኝ ግን እህል አይደለም፤ ልጆቻችሁ ናቸው። ከሰዓት ላስተምራቸው ብል አይመጡም። ለምንድነው?» አልኩ።

አስተያየት የሰጠችው ዶሮዋ ብቻ ናት፤ ያውም ሸሚዜ ላይ።

«እንግዲህ ካነሳኸው» አሉ አያ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ አዝኜብሃለሁ። ልጄን በሕዝብ ፊት ደካማ ብለህ ጠራኸው። ኩንታል እህል ብቻውን አንስቶ አህያ የሚጭን ልጅ ነው። አንተ ኩንታል ታነሳለህ?»

«አላነሳም።»

«ታዲያ ደካማው ማነው ዲያ?»

ሰዉ በሳቅ አወካ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ደካማ ያልኩት ሒሳብና ንባብ ላይ ነው፤ ሰዉ የሰማው ግን ጤና ያጣ፣ ጉልበት የከዳው ልጅ ነው። አንዱ አባት ልጁን ስሙ በተጠራ ማግስት ሐይቅ እስጢፋኖስ ድረስ ወስዶ አስጸልዮለታል። አንዷ እናት ከዚያን ቀን ጀምራ የአጥንት መረቅ ስታጠጣ ከርማለች። ልጇ አምሮበታል፣ ጉንጩ ሞልቷል። ማካፈል ግን አሁንም አይችልም።

አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል። ሰዓቱ ከመድረሳ ጋር ይጋጫል ተባለ። ከብት ውኃ የሚወርድበት ሰዓት ነው ተባለ። አስተማሪዎቹ ራሳቸው እየቀሩ ልጅ ለምን ይመጣል ተባለ፤ ሰዉ ሲበዛ አይተው የመጡት መምህራን ይኼን ጊዜ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመሩ። አንዲት እናት ደግሞ ቀስ ብላ «የኔ ልጅ ከተኩሱ ወዲህ በር በሌለው ቤት ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ይፈራል» አለች። እሷ ስትናገር የሚስቅ አልነበረም። አንድ አናጺ በሩን እኔ እገጥማለሁ አለ፣ ሌሎቹ እንጨቱን እኛ አሉ። መምህራኑ ከእኔ በፊት ተነግሯል ያሉት ነገር ሁሉ ያን ዕለት ገና ተነገረ።

ከሁሉ በላይ ግን ያ ስም ይፋቅ አሉ፣ በአንድ ድምፅ። እኔም ደካማ ማለት ምን ማለቴ እንደነበር ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች።

«ስሙ እንዳለ ይሁን» አለች።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። «ምን ሆነሻል?» አሏት። የያዘችውን ቲማቲም የምታቀብለኝ መስላ እጄን ይዛ ወደ ክፍሉ ጀርባ ወሰደችኝ።

«ስማኝ መምህር» አለች ዙሪያዋን ቃኝታ። «ደካማ ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ሰው እንዳትተነትን። አባቷ ሐያትን ለአያ ይመር ትልቁ ልጅ ሊሰጣት ቃል ጨርሶ ነበር። ስሟ ደካማ ተብሎ ሲጠራ በሽተኛ አናስገባም ብለው በዝምታ ቀሩ። እኔ ያን ዕለት ሱጁድ ወርጄ አላህን አመስግኛለሁ። ዳነች ከተባለ ተመልሰው ይመጣሉ።»

«ታዲያ ለምን ክፍል አትገባም?»

«አባቷ ነዋ። ደካማ የተባለው ክፍል ስትገባ ከታየች ጭራሽ ማንም አይጠይቃትም ብሎ አገታት። ልጄ መማር ትፈልጋለች፣ መምህር። ማታ ማታ ትራሷን አቅፋ ታለቅሳለች።»

ብዙ እኩልታ ፈትቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ስሙ ከቆየ ልጅቷ ክፍል አትገባም። ስሙ ከተፋቀ ክፍል ትገባለች፤ ግን ከክፍል አውጥተው ይድሯታል። ሁለቱንም ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ በአንድ ቆርቆሮ ቀለም። «አብሽሪ እትዬ ዘሃራ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን» አልኳት። ምን እንደምናደርግ አላውቅም ነበር።

ወደ ሕዝቡ ተመልሼ ሳልተነትን ስሙ እንደሚቀየር ብቻ ተናገርኩ። የአያ ይመርን ልጅ ተሳስቼ ደካማ ማለቴንም አመንኩ፤ ኩንታል ያነሳ ልጅ ምን ክርክር ያስፈልገዋል። አዲሱን ስም ፍለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ሼህ እንድሪስ የበረካ ክፍል ይባል አሉ፣ ቄሱ የጸጋ ክፍል አሉ፣ ዳይሬክተሩ የልህቀት ማዕከል አለና ማንም አልሰማውም። ክርክሩ ሲረዝም ከብቱ ያልተሰበሰበለት አንድ ሰው «አብሽር በሉትና እንሂድበት» አለ። በዚያው ጸደቀ። የቀድሞውን ጽሑፍ በነጭ ቀለም ሸፍነን «አብሽር ክፍል» ብለን ጻፍንበት።

ሰዓቱ ከመድረሳም ከከብትም ተስማማ፣ በሩም ተገጠመ፣ ልጆቹም መጡ። የሚቀር መምህር ካለ ወላጆች ታሞ ይሆናል ብለው ሽሮ ይዘው ቤቱ ድረስ ይጠይቁታል፤ ከዚህ የከፋ ቅጣት ስለሌለ ማንም አይቀርም። የወረዳው ባለሙያ ተመልሶ ሲመጣ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ነው ያየው። «አብሽር መመሪያው ላይ የቱ ጋ ነው ያለው?» ቢል ዳይሬክተሩ «ግብረ መልስ ነው» አለው። ክፍሉ ሳይታጠፍ ቀረ።

ሐያትም ገባች። አባቷ አዲሱ ስም አምሮት ፈቀደ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋ ዝም አለች፤ ውላ አድራ አንድ ክፍልፋይ ስጽፍ መልሱን ከአፌ ነጠቀችኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን ለመደበቅ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ከሰዓት ልጆቹን ሥራ ሰጥቼ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አያ ይመር መጡ። ጤናዬን ጠየቁ፣ ዘመዶቼን ጠየቁ፣ ዶሮዋ እንዴት እንደነበረች ጠየቁ። ግሩም ነበረች አልኳቸው። ከዚያ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺ የዘሃራ ልጅ... ስሙ ሲፋቅ አይቼ ነው። ተሻላት ወይ?»

ዶሯቸውን በልቻለሁ። ደግ ሰውን መዋሸት ከባድ ነው። በበሩ አጮልቄ አየሁ፤ ሐያት ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማ ከጓደኞቿ ጋር ትከራከራለች።

«ምኑን ተሻላት፣ አያ ይመር። ስሙ ነው እንጂ የተፋቀው ሕመሙ እንዳለ ነው።»

«ወገቧን ነው?»

«ሒሳብ ነው። ሰሞኑን ደግሞ እንግሊዝኛም ጀምሯታል።»

«ሱብሃነላህ። መድኃኒት የለውም?»

«አለው፤ ግን ረጅም ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት። መሐል ላይ ከቆመ ይብስባታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያም ከጸናባት ዩኒቨርሲቲ ነው የሚልኳት።»

አያ ይመር ከንፈራቸውን መጠጡ። ቆይተው ደንገጥ ብለው «ይተላለፋል እንዴ? የኔም ልጅ እዚያው ነው የሚቀመጠው» አሉ።

«ለእሱ አያስቡ። ሒሳብ አጠገቡም አልደረሰ። ከፊት የተቀመጡትን ሴቶች ልጆች ግን ሁሉንም ይዟቸዋል።»

ከበሩ አንድ እርምጃ ራቁ። በመስኮቱ ልጆቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አላህ ከዚህ ድካም በቶሎ ይገላግላቸው» አሉ።

አሚን እንዳይወጣኝ ምላሴን ነከስኩ።